ምዕራፍ 9፦ ጀሪካኑ በነበረበት ድንጋይ

በምዕራፍ 8 መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አንጠልጥለን ነው የተለያየነው። ፕሮሰሰሩ፣ ያ የኮምፒውተሩን ስሌት ሁሉ የሚሠራው ቺፕ፣ ከሜሞሪ ቁጥር እያነሳ ቁጥሩ ያለውን ከመፈጸም በቀር ሌላ ነገር አያውቅም ብለን ነበር። ፕሮግራመሩ የጻፈውን መስመር አያይም፤ መስመር የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅ። በአንድ ሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ትእዛዝ እየፈጸመ ይነጉዳል። ታዲያ ፕሮግራመሩ «47ኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቁምልኝ» ሲለው በየት በኩል ሰምቶ ነው የሚቆመው?

አይሰማም። ይታለላል እንጂ። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያች ማታለያ ናት፤ መጠኗም አንድ ባይት ነው። ዘዴው ቀላል ስለሆነ ስነግራችሁ «ይኸው ነው?» ትሉ ይሆናል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የተታለለው ፕሮግራም ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ መንገዱን እንዲቀጥል ማድረግ ላይ።

የጳጉሜን ሰዎች

ለመሆኑ የሚሮጥን ፕሮግራም ማቆም ለምን ያስፈልጋል? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላ ፕሮግራም ይዞ መጣና «አንዳንድ ሰው ላይ ያብዳል» አለን። የሚያብድባቸውን ሰዎች የሚያገናኝ ነገር አልተገኘም። ዘበኛም አለበት፣ ሒሳብ ሹምም አለበት፣ ሾፌርም አለበት። ትናንት የተቀጠረ ወጣት ጡረታው ካለፈ ሰንብቷል ተብሎ ይወጣል።

እኔ ያኔ የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። በፕሮግራሙ መሀል መሀል «እዚህ ደርሻለሁ»፣ «እዚህም ደርሻለሁ» የሚል ጽሑፍ እንዲያትም አደረግሁት። ስክሪኑ በ«ደርሻለሁ» ተጥለቀለቀ። አለቃዬ የነበሩት ጎልማሳ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ከሚለፈልፍብህ አቁመህ አትጠይቀውም?» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ ነው የማቆመው ጋሼ?»

ወንበሬን ተቀብለው ተቀመጡ። አንዱን የታበደበትን ሠራተኛ መለያ ቁጥር ጻፉና፣ ፕሮግራሙ እሱ ጋ ሲደርስ ብቻ እንዲቆም አዘዙት። ቆመም። በቆመበት ሁሉንም ነገር ገልጠን አየን፤ የተቀጠረበት ወር 13 ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የወሮችን ርዝመት የሚይዝ 12 ቦታ ብቻ ነበር ያዘጋጀው። ጳጉሜን ተረስታለች። በምዕራፍ 4 እንዳየነው፣ 12 ቦታ ካለው ዝርዝር 13ኛውን ስጠኝ የተባለ ማሽን የለኝም አይልም፤ ከዝርዝሩ ጎን የተቀመጠውን የማይመለከተውን ቁጥር አንስቶ ይሰጣል። የታበደባቸው ሁሉ በጳጉሜን የተቀጠሩ ሰዎች ነበሩ።

አለቃዬ የተጠቀሙበት መሣሪያ ዲበገር ይባላል። በፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት «ባግ» ስለሚባል፣ ባግ ማደኛ ማለት ነው። እንዲቆም የታዘዘበት ነጥብ ደግሞ ብሬክፖይንት ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ዕድሜው ከኮምፒውተር ጋር እኩያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የሚባለው ግዙፍ ማሽን መጀመሪያ ላይ ፕሮግራም የሚደረገው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ገመድ በመሰካት ነበር። ከፕሮግራመሮቹ አንዷ የነበረችው ቤቲ ሆልበርተን ሥራውን መሀል ላይ ማቆም ስትፈልግ ገመዱን ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። መስመሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል። መቁረጫ ነጥብ የተባለውም ለዚህ ነው።

ዛሬ የሚነቀል ገመድ የለም። ትእዛዙ ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ የተደረደረ ቁጥር ነው። ቁጥር ግን ይነቀላል፤ በቦታውም ሌላ ይተከላል።

ቦኖው ላይ

ብዙ ሰው፣ ጀማሪ ፕሮግራመሮችም ጭምር፣ ዲበገሩን እንደ ጠባቂ ነው የሚያስበው። ፕሮግራሙ ይሮጣል፤ ዲበገሩ ከጎኑ እየሮጠ በየትእዛዙ «ደርሷል? አልደረሰም?» ይላል ብሎ ያስባል። እንዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ግን አንድ ሰከንድ የሚፈጀው ሥራ ለሰዓታት ይጎተታል። ጠባቂ የለም። ፕሮግራሙ በሙሉ ፍጥነቱ ሲሮጥ ዲበገሩ ተኝቷል።

የሰፈር ቦኖ ውሃ ላይ የተሰለፉ ጀሪካኖችን አስቡ። ባለቤቶቹ የሉም፤ ጀሪካኖቹ ብቻ ናቸው የተሰለፉት። ውሃ ቀጂው ልጅ ቱቦውን ይዞ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እያለፈ ይሞላል። የማን እንደሆነ አያውቅም፤ አይጠይቅምም። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ የራሷ ጀሪካን ተራ ሲደርስ እዚያ መገኘት ትፈልጋለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ሰልፉን መጠበቅ አትችልም። ስለዚህ ጀሪካኗን ከሰልፉ አንስታ ቤቷ ትወስድና በቦታው ድንጋይ ታስቀምጣለች። በቦኖው ደንብ መሠረት ልጁ ድንጋይ ካጋጠመው ቱቦውን አስቀምጦ ዘበኛውን ይጠራል። ዘበኛው የድንጋዩን ባለቤት ያውቃታል፤ ይደውልላታል። ወይዘሮዋ እስከዚያ ድረስ ቤቷ ቡና ልታፈላ ትችላለች።

ልጁ ፕሮሰሰሩ ነው። ሰልፉ በሜሞሪ የተደረደረው ፕሮግራም ነው። ዘበኛው በምዕራፍ 6 የተዋወቅነው ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ወይዘሮዋ ዲበገሩ ናት። ድንጋዩስ?

204

በምዕራፍ 3 አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር እንደሚይዝ አይተናል። በአብዛኛው ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ውስጥ በሚገኘው የኢንቴል ፕሮሰሰር ቤተሰብ ቋንቋ፣ 204 የሚለው ቁጥር እንደ ትእዛዝ ሲነበብ ትርጉሙ «ቁም፤ ከርነሉን ጥራ» ነው። የቤተሰቡ አባት የሆነው 8086 እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣም 204 ነበረች፤ ዛሬም ያችው ናት። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የባለ 16 አቆጣጠር ስሟ «ሲሲ» ነው።

ድንጋዩን በእጅ ነክተን እንየው። የሸቀጥ ዋጋ ተቀብላ 15 ብር የማድረሻ ክፍያ ደምራ የምትመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍን እንበል። ኮምፓይለሩ፣ በምዕራፍ 5 ያየነው ተርጓሚ፣ ምንም ሳያሳጥር ሲተረጉማት 15 ባይት ትሆናለች። አድራሻዋ ከ1000 ይጀምራል ብለን እናቅልለው፦

1000፦ 85
1001፦ 72 137 229
1004፦ 137 125 252
1007፦ 139 69 252
1010፦ 131 192 15
1013፦ 93
1014፦ 195

እያንዳንዱ መስመር አንድ ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገበታ መዘርጋት ናቸው፤ የሥራ ቦታ አዘጋጅተው የመጣውን ዋጋ ያስቀምጣሉ። 1007 ላይ ያለው ዋጋውን መልሶ ያነሳል። 1010 ላይ ያለው ደመራው ነው፤ መጨረሻው ላይ 15 ቁጥር ራሷን ገልጣ ተቀምጣለች፣ የእኛ 15 ብር ናት። 93 ገበታውን ያነሳል፤ 195 ወደ ጠሪው ይመለሳል።

ለዲበገሩ የመስመር ቁጥር ብቻ ብንነግረው፣ ኮምፓይለሩ ትቶለት የሄደውን «የትኛው መስመር የት አድራሻ ላይ ይጀምራል» የሚል ሰንጠረዥ ተመልክቶ 1007ን ይመርጥ ነበር። እኛ ግን ደመራው ራሱ ላይ እንዲቆም እንፈልጋለን፤ 1010 እንበለው። ዲበገሩ ሦስት ነገር ያደርጋል። 1010 ላይ ያለውን ባይት ያነባል፤ 131 ነው። «1010 ላይ የነበረው 131» ብሎ በራሱ ማስታወሻ ይጽፋል። ከዚያ በቦታው 204 ይተክላል። ትእዛዙ አሁን እንዲህ ሆነ፦

1010፦ 204 192 15

አለቀ። ብሬክፖይንት ማለት ይህ ነው። ጀሪካኑ ቤት ገባ፤ ድንጋዩ ተቀመጠ።

አንድ ነገር የሚከነክናችሁ ይኖራል፤ ምዕራፍ 6 ላይ የአንዱን ፕሮግራም ሜሞሪ ሌላው ፕሮግራም እንዳይነካ ከርነሉ አጥር ያጥራል ብዬ ነበር። ዲበገሩም ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። በሰው ግቢ ገብቶ እንዴት ባይት ይቀይራል? በበሩ በኩል፣ አስፈቅዶ ነው። ሊኑክስና ሌሎቹ የዩኒክስ ዘሮች ለዚሁ ሥራ «ፒትሬስ» የሚባል የከርነል አገልግሎት አላቸው። ዲበገሩ «ይህን ፕሮግራም ልከታተል» ይላል፤ ከርነሉ መብቱን ያጣራል፤ ከፈቀደለት በኋላ ማንበቡንም መጻፉንም ራሱ ከርነሉ ይፈጽምለታል።

ወራጅ አለ

ፕሮግራሙ ሮጦ 1010 ደረሰ። ፕሮሰሰሩ 204ን አነበበ። ሥራውን አቋርጦ የት እንደደረሰ ይመዘግብና ለከርነሉ ያስረክባል። ከርነሉ ፕሮግራሙን ባለበት ያደርቀዋል፤ ዲበገሩን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ዲበገሩ «የት ነው የቆመው?» ብሎ የተመዘገበውን አድራሻ ያነባል።

1011 ይላል።

እኛ ያልነው 1010 ነበር። ማሽኑ አልተሳሳተም። ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ የሚመዘግበው ቀጥሎ የሚፈጽመውን ትእዛዝ አድራሻ ነው፤ 204 ደግሞ አንድ ባይት የሆነ ሙሉ ትእዛዝ ስለሆነ እሱን ፈጽሞ አልፎታል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ስትሉ እንደሚሆነው ነው። ሾፌሩ ይቆማል፤ ግን የሚቆመው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ወርዳችሁ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ዲበገሩም ከ1011 ላይ 1 ቀንሶ 1010ን ያገኛል፤ በማስታወሻው ፈልጎ «የእኔ ድንጋይ ነው» ይላል፤ የፕሮሰሰሩንም የአድራሻ መዝገብ ወደ 1010 ይመልሰዋል። ይህችን 1 መቀነስ የረሳ ዲበገር ሠሪ ምን እንደሚገጥመው ማየት ደስ ይላል፤ እስቲ እንርሳው።

ዋጋው 100 ብር ነበር። ፕሮግራሙ ቁጥሩን በአንዲት የፕሮሰሰር ኪስ ይዞታል (በምዕራፍ 3 ሬጅስተር ያልናት)። አሁን ከ1011 እንዲቀጥል ለቀቅነው። ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው 192፣ 15፣ 93 ነው። 192 የደመራው መሀል እንደነበረ አያውቅም፤ እንደ አዲስ ትእዛዝ መጀመሪያ ነው የሚያነበው። እንዲህ ሲነበቡ ሦስቱ ባይቶች ሌላ ትርጉም አላቸው፦ «በኪስህ ያለው ቁጥር ወደሚያመለክተው አድራሻ ሂድ፤ እዚያ ያለውን ባይት ቢቶቹን ወደ ቀኝ አሽከርክር»። ገበታ አንሺ የነበረው 93 «ስንት ጊዜ ላሽከርክር» የሚለው ቁጥር ሆኖ ተበላ። ኪሱ ውስጥ ያለው ደግሞ 100 ነው፤ የሸቀጥ ዋጋ እንጂ አድራሻ አይደለም። ማሽኑ ግን አድራሻ 100 ላይ ሄዶ ያንኳኳል። እዚያ ለዚህ ፕሮግራም የተፈቀደለት ሜሞሪ የለም። ከርነሉ ይገድለዋል።

ከ100 ብር ሸቀጥ ተነስተን ፕሮግራሙን ገደልነው፤ አንድ ባይት አለፍ ብለን ስለጀመርን ብቻ።

መቀጠል ነው ጣጣው

አሁን ቆመናል፤ የምናየውን አይተናል። «ቀጥል» ስንል ምን ይሆናል? 1010 ላይ አሁንም 204 ስላለች እዚያው ይቆማል። ደግመን «ቀጥል» ብንል ደግሞ ይቆማል። ስለዚህ 131ን ወደ ቦታው መመለስ ግድ ነው። መለስነው እንበል፤ ደመራው በሰላም ተፈጸመ፤ ፕሮግራሙም ሄደ። ለሁለተኛው ሸቀጥ ተመልሶ ሲመጣ ግን ድንጋይ የለም። ሳይቆም ያልፋል። እኛ ደግሞ በየጊዜው እንዲቆም ነበር የፈለግነው።

ድንጋዩ ካለ ጀሪካኑ አይሞላም፤ ጀሪካኑ ካለ ልጁ አይቆምም። ሁለቱ በአንድ ቦታ አይኖሩም። የመፍትሔው ግማሽ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። አንዲት ቢት አለች፤ 1 ሆና ከተገኘች ፕሮሰሰሩ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ብቻ፣ ይፈጽምና ወዲያው ከርነሉን ይጠራል። ልጁን «ይህችን ሙላና ተመልሰህ ና» እንደማለት ነው። ዲበገሩ እንዲህ ይሠራል፦ 131ን ይመልሳል፤ ቢቷን ያበራል፤ ይለቃል። ፕሮሰሰሩ 131 192 15ን ፈጽሞ 1013 ላይ ይቆማል። ዲበገሩ በቅጽበት 204ን 1010 ላይ መልሶ ይተክላል፤ ቢቷን ያጠፋል፤ አሁን በእውነት ይለቀዋል።

«ቀጥል» የሚለውን አዝራር አንድ ጊዜ ስትጫኑ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ተነስቶ አንድ ጊዜ ቆሟል ማለት ነው። እናንተ አላያችሁም። ከዲበገር ሥራ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ክፍል ነው፤ ድንጋይ ማስቀመጥ ለማንም ይመጣለታል፤ ድንጋዩን አንስቶ፣ አስሞልቶ፣ ልጁ ፊቱን ሳያዞር መልሶ ማስቀመጥ ግን እጅ ይፈልጋል።

ድንጋዩ ለምን ትንሽ ሆነ?

የኢንቴል ቤተሰብ ትእዛዞች ቁመታቸው እኩል አይደለም። አጭሩ 1 ባይት ነው፤ ረጅሙ 15 ይደርሳል። በሰልፉ ውስጥ ባለ ሁለት ሊትሩ ከባለ ሃያው ጋር ተደባልቋል። ድንጋዩ ከትንሿ ጀሪካን የሚሰፋ ከሆነ የጎረቤቱን ቦታ ይገፋል።

ከርነሉን ለመጥራት ሁለት ባይት የሚፈጅ ሌላ አጻጻፍም አለ፤ 205 3። ይህንን 1013 ላይ ብንተክለው 93ን ብቻ ሳይሆን 1014 ላይ ያለውን 195ንም ይሸፍናል። «ምን አለበት፣ ሁለቱንም መዝግበን እንመልሳለን» ትሉ ይሆናል። ግን ከሌላ የፕሮግራሙ ክፍል በቀጥታ ወደ 1014 የሚዘል መንገድ ቢኖርስ? በዚያ በኩል የመጣው ድንጋዩን ከመሀሉ ይረግጠዋል፤ 3 ቁጥርን እንደ ትእዛዝ መጀመሪያ ያነባል፤ እሷ ደግሞ የሌላ ደመራ መጀመሪያ ናት። ምን ከምን ጋር እንደሚደመር እግዜር ይወቅ። 204 አንድ ባይት ብቻ የሆነችው ለዚህ ነው፤ የትኛውም ትእዛዝ ከእሷ አያንስም።

በእጃችሁ ያለው ስልክ ይህ ጭንቀት የለበትም። አብዛኛው ስልክ የሚሠራበት የአርም ፕሮሰሰር በባለ 64 ቢት አሠራሩ ትእዛዙን ሁሉ ልክ 4 ባይት አድርጎ ነው የሚለካው፤ ድንጋዩም 4 ባይት ነው። ጭንቀቱ በሌላ በኩል ይመጣል። አርም ላይ ትእዛዝ ከቀየራችሁ በኋላ ፕሮሰሰሩ ቀደም ብሎ ቀድቶ በቅርብ ያስቀመጠውን አሮጌ ቅጂ እንዲጥል በግልጽ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያላየውን ድንጋይ አልፎ ይሄዳል። የኢንቴሎቹ ይህንን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ውሸትን መሸፈን

አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ውሸቱን ለመሸፈን ሌላ ይዋሻል ይባላል። ዲበገሩም እንዲሁ ነው። ቆሞ ሳለ «1010 ላይ ያለውን አሳየኝ» ብትሉት 131 ይላችኋል፤ 204ን ለእናንተ እንኳን አያሳይም።

ከዚህ የሚከብደው የጋራ ሜሞሪ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት አንድ የጋራ የፈንክሽን ስብስብ፣ ለምሳሌ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣው፣ በሜሞሪ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ ሁሉም ይዋሱታል። እዚያ ላይ 204 ቢተከል የሚዋሰው ፕሮግራም ሁሉ በየደረሰበት ይዘጋ ነበር። ከርነሉ ግን ዲበገሩ ሊጽፍ ሲል 204 የሚተከልበትን የሜሞሪ ገጽ ብቻ ለምንከታተለው ፕሮግራም ለይቶ ይገለብጥለታል። ድንጋዩ ያለው በግል ቅጂው ላይ ነው፤ ጎረቤት አይነካም።

ትሬዶችም አሉ። በምዕራፍ 7 አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ በብዙ እጅ ሊሠራ እንደሚችል ተነጋግረናል፤ በአንድ ሰልፍ ላይ አምስት ቀጂ ልጆች ማለት ነው። ለአንዱ ልጅ ብለን ድንጋዩን ባነሳንባት ቅጽበት ሌላው ልጅ እዚያው ቢደርስ ሳይቆም ያልፋል። ቀላሉ መፍትሔ አንዱ እርምጃውን እስኪጨርስ ሌሎቹን ሁሉ ማስቆም ነው። ብልሁ መፍትሔ ድንጋዩን ጨርሶ አለማንሳት ነው፦ ዲበገሩ 131 192 15ን ሌላ ባዶ ቦታ ገልብጦ ያስቀምጥና ፕሮሰሰሩን እዚያ ወስዶ ያስፈጽመዋል፤ ከዚያ ወደ 1013 ይመልሰዋል። ጀሪካኑ በጓሮ በር ይሞላል፤ ድንጋዩ ከቦታው አይነቃነቅም።

አሁን ወደ ጳጉሜን ሰዎች ልመለስ። አለቃዬ «ይህ መለያ ቁጥር ሲመጣ ብቻ ቁም» ብለው ካዘዙት በኋላ ፕሮግራሙ እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተተ። ወጥተን ማኪያቶ ጠጥተን ስንመለስ ገና ነበር። ያኔ ማሽኑ አርጅቶ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 204 «መለያው ስንት ነው?» ብላ መጠየቅ አትችልም። በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ፕሮግራሙ በእርግጥ ይቆማል፤ ከርነሉ ይጠራል፤ ዲበገሩ ይነቃል፤ መለያውን ያነባል፤ «አይደለም» ይላል፤ ያንን ሁሉ ድንጋይ የማንሳትና የመመለስ ሥርዓት ፈጽሞ ይለቀዋል። በሺዎች ለሚቆጠር ሠራተኛ፣ አንድ በአንድ። እኛ ያየነው የመጨረሻውን መቆም ብቻ ነው።

ድንጋዩን የሚያጋልጥ ፕሮግራምም አለ። አንዳንዱ ጸሐፊ ማንም እንዲመረምርበት ስለማይፈልግ ፕሮግራሙ የራሱን ባይቶች ደምሮ ድምሩን ቀድሞ ከተጻፈው ጋር እንዲያስተያይ ያደርገዋል። በ131 ቦታ 204 ካለች ድምሩ በ73 ይበልጣል፤ ተነቃ። ለእንዲህ ያለው ሌላ ዓይነት ብሬክፖይንት አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣው ከ80386 ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚቆምባቸውን አድራሻዎች የሚይዙ ልዩ ኪሶች አሉት። ባይት አይነካም፤ ድንጋይም የለም። ችግሩ የሚይዙት አድራሻ 4 ብቻ መሆኑ ነው፤ ድንጋይ ግን የፈለጋችሁትን ያህል መደርደር ትችላላችሁ።

204 ከዲበገር ውጭም ሥራ አግኝታለች። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ለሙከራ በሚያዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ገና ምንም ያልተጻፈበትን ጊዜያዊ ቦታ በ204 ይሞላዋል። ፕሮግራሙ ስቶ እዚያ ገብቶ ትእዛዝ ነው ብሎ ቢያነብ ወዲያው ይቆማል። በቻይንኛ የጽሑፍ ኮድ ደግሞ ሁለት 204 ጎን ለጎን «የሚያቃጥል ትኩስ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ፊደል ይሆናሉ። ያልተጻፈበትን ቦታ በስህተት ስክሪን ላይ ያወጣ የቻይና ተማሪ «ትኩስ ትኩስ ትኩስ» ሲል ያገኘዋል፤ እዚያ ሀገር የፕሮግራመሮች የታወቀ ቀልድ ነው።

ባለቤቷ ሳትመጣ ስትቀር

ሥራው ሲያልቅ ዲበገሩ ማስታወሻውን ይገልጣል፤ እያንዳንዱን ባይት ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ይወጣል። 1010 ላይ 131 ተቀምጣለች። በእነዚያ 15 ባይቶች ላይ ማንም ነክቷቸው እንደነበር የሚናገር ምልክት የለም።

ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ ዲበገሩ በድንገት ቢሞትስ? ሊኑክስ ላይ የምትጠቀሙበት ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር ይህን ስለሚፈራ፣ ካልታዘዘ በቀር ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ድንጋዮቹን ሁሉ ይሰበስባል፤ ሲለቀው ብቻ መልሶ ይደረድራል። በሩጫው መሀል ግን ድንጋዮቹ ሰልፉ ውስጥ ናቸው። አንድ ሰው ቀድሞውኑ ሲሠራ ከነበረ ፕሮግራም ጋር ያያዘውን ዲበገር በዚያች ሰዓት በኃይል ቢዘጋው፣ ማስታወሻው አብሮት ይጠፋል። 131 የት እንደነበረች የሚያውቅ የለም።

ፕሮግራሙ ምንም አላወቀም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ለደቂቃ ይሁን ለሳምንት፣ 1010ን የሚያስረግጠው ሸቀጥ እስኪመጣ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ቀን 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ ይታዘዛል። ልጁ ድንጋዩ ጋ ይደርሳል፤ ቱቦውን አስቀምጦ ዘበኛውን ይጠራል። ዘበኛው መዝገቡን ይገልጣል፤ ይህንን ፕሮግራም የሚከታተል ማንም የለም። ለእንዲህ ያለ ጥሪ ከርነሉ የተሰጠው መመሪያ አንድ ነው፤ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል።